እርስዎ ይቅደሙ የሚል ሳጥን

ለሚን የማያውቅ ሰው ይህን ነገር ስናገር አያምነኝም፤ ስለዚህ ከለሚ ልጀምር። ለሚ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ በተከራየናት ክፍል፣ የጎማ መንፊያውን ጩኸት እየሰማን ለገበሬዎችና ለነጋዴዎች የመቆጣጠሪያ ሳጥኖች እንሠራለን። ሳጥን ስል በውስጡ ርካሽ ቺፕና እኛ የጻፍነው ሶፍትዌር ያለበት፣ ፓምፕ ወይም ማቀዝቀዣ የሚያበራና የሚያጠፋ ነገር ማለቴ ነው። ሁለታችንም ኮድ እንጽፋለን፤ ከዚያ አንዳችን የሌላውን ሥራ እያየን እንጨቃጨቃለን። እውነቱን ለመናገር የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ። ለሚ ያዳምጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሻይ ያዛል።

ጨዋ ነው ስላችሁ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ያሳፍረዋል። ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል ይጠብቅና አብሮ ይወርዳል። አንዴ ሞጆ ሊወርድ ተሳፍሮ ቢሾፍቱ ደርሶ ተመልሷል፤ ለምን ብዬ ስጠይቀው ሾፌሩ ለረዳቱ ስለ ልጁ ሕመም እያወራ ስለነበር ማቋረጥ ከበደኝ አለኝ። እኔ ጋዲሴ ደግሞ መኪናው ሳይቆም በሩን የምይዝ ሰው ነኝ። እንዴት አብረን እንደምንሠራ ሰው ይገርመዋል፤ እኔንም ይገርመኛል።

አሁን ወደ መቂ። መቂ ውስጥ አዳዳ ዲንቄ አለች፤ የአባቴ እህት ናት፣ የአባት እህትን እኛ አዳዳ ነው የምንለው። የቲማቲም አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት እሷ ብቻ ናት። ማኅበሩ ወፍራም ግድግዳና በሞላ ራሱ የሚዘጋ ከባድ በር ያለው ማቀዝቀዣ ክፍል አለው። ቲማቲሙ የአዲስ አበባ መኪና እስኪመጣ እዚያ ይቆያል። ድሮ ቅዝቃዜ የሚሰጠውን ሞተር፣ ኮምፕረሰሩን፣ የሚያበራው ዘበኛው ነበር፤ ሲበርደው ያጠፋዋል፣ ሲሞቀው ያበራዋል፣ የቲማቲሙን ስሜት የሚጠይቅ አልነበረም። አዳዳ ናት አባላቱን አሳምና የእኛን ሳጥን ያስገጠመችው። ሳጥኑ ሙቀቱን ይለካል፣ ኮምፕረሰሩን ያዛል፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥርም ይመዘግባል።

ከዚያ ሳጥኑ ዝም ማለት ጀመረ። አልተቃጠለም፣ አልጠፋም፤ መብራቱ በርቶ ድርቅ ይላል። ሙቀት አይለካ፣ ኮምፕረሰር አያዝ። የሚደርቀው ደግሞ ገበያ በዋለ ቀን ብቻ ነው። እኔ በኤሌክትሪኩ አሳበብኩ፤ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቶቹ ሁሉ ስለሚሠሩ ኃይሉ ይዋዥቃል አልኩ። ማረጋጊያ ገጠምን፤ በሚቀጥለው ገበያ እንደገና ደረቀ። የሟሸሸ ቲማቲም ለአባላቱ ተከፋፈለ፤ መቂ ውስጥ ቁርስ፣ ምሳና እራት ቲማቲም ሆነ።

ኦቦ ጀቤሳ የሚባሉ አንጋፋ አባል አሉ። ሽንኩርትና ቲማቲማቸውን በመስኖ ሲያለሙ የኖሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ሲሰድቡ እንኳ የሚመርቁ የሚመስሉ ሰውዬ። አዳዳን አንድም ቀን ሊቀመንበር ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ሃምሳ ዓመት ያለፋትን ሴት «ይቺ ልጅ» ነው የሚሏት። ስብሰባ ላይ ተነሥተው ይቺ ልጅ የዘመድ ዕቃ አምጥታብናለች፣ ዘበኛው ይመለስልን አሉ። አዳዳም ተነሣች። እስከሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ጊዜ ስጡኝ፣ ያን ቀን ሳጥኑ ከቆመ እሱም ከግድግዳው ይነሣ፣ እኔም ከወንበሬ እነሣለሁ ብላ ተቀመጠች። ለእኔ የነገረችኝ ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ገበያ ከለሚ ጋር መቂ ወረድን። ወራጅ ያልኩት እኔ ነኝ። ከማቀዝቀዣው ክፍል ፊት ለፊት፣ በተደረደሩ ባዶ የፕላስቲክ ቅርጫቶች ላይ ተቀምጠን ላፕቶፑን በረጅም ገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኘነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሳጥኑ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ በሩ ሲከፈት አንድ መስመር፣ ሲዘጋ አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ሽማግሌዎቹ መምጣት ጀመሩ። ለካ መቂ ውስጥ በገበያ ቀን ከዚያ ክፍል የተሻለ መቀመጫ የለም። አዳዳ በሩ ላይ ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ለጥፋለች፤ ግን ሥራ የሌለው ሰው የለም፣ ሁሉም ቲማቲሙን ሊያይ ነው የመጣው። ጋቢያቸውን ደርበው ይገቡና ቅርጫት ገልብጠው ይቀመጣሉ። እዚያ ውስጥ የድንበር ጠብ ታርቋል፤ አንድ ጋብቻም በቲማቲሙ መሃል ተጠይቆ ተፈቅዷል አሉ።

ኦቦ ጀቤሳ መጡ። በሌላ በኩል አቶ ልዑልሰገድ መጡ፤ መኪና የሚጭኑ የሞጆ ደላላ ናቸው፣ በጨዋነት ከኦቦ ጀቤሳ ጋር የሚፎካከሩ። በሩ ላይ ተገናኙ። አካም ኦልተን ተባባሉ፣ የቤተሰብ፣ የከብትና የዝናብ ደኅንነት ተጠያየቁ። ከዚያ ኦቦ ጀቤሳ በሩን ሳብ አድርገው «ይግቡ» አሉ። አቶ ልዑልሰገድ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ኦቦ ጀቤሳም ክብር ተነካ ብለው እሳቸውም አፈገፈጉ፤ በሩ በሞላው ተመልሶ ተዘጋ። አቶ ልዑልሰገድ ከፈቱት። «በሞቴ ይግቡ።» «እርስዎ እያሉ?» ተዘጋ። ተከፈተ። ትከሻ ተያያዙ፣ ተገፋፉ፣ አንዱ በእግሩ በሩን ያዘው፣ ሌላው ለቀቀው። ከዚህም ከዚያም ሌሎች ጨዋዎች መጥተው ገላጋይ ሆኑ፤ ገላጋዮቹም በተራቸው ማን ይቅደም ሆነ።

ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሲጎርፍ ቆየና ቀጥ አለ። ሳጥኑ ደረቀ።

ላፕቶፑን ጎተትኩና የሳጥኑን ሆድ ማየት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። በሳጥኑ ሶፍትዌር ውስጥ ከሁሉም ሥር ያለው ክፍል ከርነል ይባላል፤ ሥራው ለየፕሮግራሙ ሜሞሪ ማደልና መልሶ መቀበል ነው። ሜሞሪውን እንደ እድር ሰሃን አስቡት፤ የወሰደ ተጠቅሞ ይመልሳል፣ ካልመለሰ ለሚቀጥለው አይተርፍም። የእኛ ቺፕ ርካሽ ስለሆነ ሰሃኑ ጥቂት ነው። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የበሩ ፕሮግራም ሰሃን ይጠይቅና የሆነውን ጽፎበት ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል። መዝጋቢው ፕሮግራም ከወረፋው እያነሣ ማከማቻው ካርድ ላይ ይጽፍና ሰሃኑን ይመልሳል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይመልሳል። በጤናማ ቀን በቂ ነው። በሩ ላይ ጨዋነት ሲበዛ ግን ሰሃኑ ሁሉ ወረፋው ላይ ያልቃል።

ሰሃን ማለቁ በራሱ አይገድልም። የሚገድለው ከርነሉ የለኝም ሲል ጠያቂው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ያንን ክፍል የጻፈው ለሚ ነው። የለሚ ኮድ የሚለው፣ ሲመችህ ስጠኝ፣ እስከዚያ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ ነው። የቆመበት ቦታ ደግሞ ጉድ ነው፤ የወረፋውን ቁልፍ፣ ከያዘው በቀር ሌላ ፕሮግራም ወረፋውን እንዳይነካ የሚያደርገውን፣ በእጁ እንደያዘ ነው የሚጠብቀው። መዝጋቢው ሰሃን ከወረፋው አንሥቶ ሊመልስ ሲመጣ ያ ቁልፍ ያስፈልገዋል። ቁልፉ ተይዟል፤ እሱም በትሕትና ቆሞ ይጠብቃል። የበሩ ፕሮግራም መዝጋቢውን ይጠብቃል፣ መዝጋቢው የበሩን ፕሮግራም ይጠብቃል። ኮምፕረሰሩን የሚያዘው ፕሮግራምም ከሁለቱ ኋላ ተራውን ይጠብቃል።

ይህን አንብቤ ቀና ስል ኦቦ ጀቤሳና አቶ ልዑልሰገድ አሁንም በሩ ላይ ናቸው። ከእነሱ ኋላ አዳዳ ዲንቄ ቆማለች፤ ቲማቲም የሞላ ቅርጫት በወገቧ ደግፋ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ። እንዳታልፍ በሩ ተይዟል። ቅደሚ ያላት ሰው የለም፤ እሷም አሳልፉኝ አላለችም። ለሚን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ወደ በሩ አሳየሁት። አየ፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ፣ እንደገና በሩን አየ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ይቅርታ» አለኝ።

እኔ ይቅርታ የምሰማበት ጊዜ አልነበረኝም። ሳጥኑን አጥፍቼ አስነሣሁትና እዚያው ቅርጫት ላይ ቁጭ ብዬ ኮዱን ቀየርኩት። እንዴት እንደሚጠየቅ ላሳይህ አልኩት። አዲሱ ኮድ መጠበቅ አያውቅም፤ ስጠኝ፣ አሁኑኑ ስጠኝ ነው የሚለው። ለሚ ቀስ ብሎ፣ ከርነሉ የለም ቢልስ ብሎ ጠየቀኝ። ሰምቼዋለሁ። መጻፌን ግን ቀጠልኩ፤ የለም የሚል ቃል ለእኔ ቃል አይደለም።

የጨዋዎች ሁለተኛ ጎርፍ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። በሩ ተወዛወዘ፣ ሰሃኑ አለቀ። የእኔ ፕሮግራም ስጠኝ አለ፤ ከርነሉ የለም አለው። እጁ ባዶ መሆኑን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ሰሃን እንደያዘ ሰው የሌለ ሰሃን ላይ ጻፈ። ሳጥኑ በዚህ ጊዜ አልደረቀም፤ ፍግም አለ። ቀይ መብራት በርቶ ከውስጥ የሚያስጠላ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። የለሚ ኮድ ቢያንስ ሲሞት ሰው አይረብሽም ነበር።

ኮምፕረሰሩን እየሮጥኩ በእጄ አበራሁት። ኦቦ ጀቤሳ ቀይ መብራቱን አይተው ወደ እኛ መጡና ባርኔጣቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ ድካማችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ» አሉ። ከዚህ በላይ ስድብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አዳዳ እስከ ባጃጁ ሸኘችን። ትቆጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣችም። ወንበሩ አያሳስበኝም አለች፤ የሚያንገበግባት ከዚህ በኋላ ሴት በተጠቆመች ቁጥር ዲንቄን አይተናታል የሚሉት ነገር ነው። ይህን ስትል ቅርጫት የተሸከመችበትን ወገቧን ታሻለች። አንጀቴን በላችው። አዳማ እስክንደርስ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ለሚ አሞሽ ይሆን ብሎ ውኃ ገዛልኝ።

ያን ሳምንት ጎሚስታው ራሱ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀን፤ ጩኸታችን ከጎማ መንፊያው በልጦበት ነው። ኮዱን ከሥር አፍርሰን መጻፍ ነበረብን። በመጨረሻ የተስማማነው ይህን ነው፤ የበሩ ፕሮግራም ሰሃን የሚጠይቀው የወረፋውን ቁልፍ ከመያዙ በፊት ነው፣ ሲጠይቅም ቆሞ አይጠብቅም። የለም ከተባለ አይሞትም፤ ገና ሳጥኑ ሲነሣ ለክፉ ቀን ባስቀመጥናት አንዲት ሰሃን ላይ በሩ ስንቴ እንደተወዛወዘ ቁጥሩን ብቻ እየጨመረ ይሄዳል። ኮምፕረሰሩን ለሚያዘው ፕሮግራም ደግሞ የራሱን ሰሃኖች መጀመሪያውኑ ለየንለት። ሽማግሌ ቢመጣ፣ ሠርገኛ ቢመጣ የሱን ሰሃን የሚነካበት የለም።

ይህ ሁሉ ሲነገር አጭር ነው፤ ችግሩ ያለው ሲሠራ ነው። ሜሞሪ የሚጠየቅበት እያንዳንዱ ቦታ እየተፈለገ፣ የለም ቢባል ምን ይሆናል ተብሎ መጻፍ አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው። ወደ መቂ የምንሄድበት ቀን ሲቃረብ አንድ ቦታ ቀርቶን ነበር፤ ሳጥኑ ሲነሣ ሰዓቱን የሚያነብበት። እዚያ ሜሞሪ በጭራሽ አያልቅም፣ እንዝለለውና እንሂድ ብዬ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ለሚ ክዳኑን በእጁ ያዘው።

«አይሆንም» አለ።

ይህን ቃል ከለሚ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እሱም ብሎት የማያውቅ መሰለኝ፤ ክዳኑን ግን አለቀቀም። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ከዚያ የሌለ ሰሃን ላይ የጻፈው ያ የኔ ደፋር ፕሮግራም ትዝ አለኝና እሺ አልኩ። ቁጭ ብለን ጻፍነው። በዚያ ቀን ሻይ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ገበያው ደረሰ። አባላቱ ሁሉ ሊያዩ መጥተዋል፤ እንደ ለቅሶ ቤት በጥላው ሥር ተደርድረዋል። ኦቦ ጀቤሳ ዘበኛውን ይዘውት መጥተዋል፤ ሰውዬው ብርድ ልብሱን ጭምር አምጥቷል። አዳዳ አዲስ ነጠላ ለብሳ ቅርጫት ትቆጥራለች፣ ወደ እኛ አታይም። ለሚ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቷል። እኔ ጥፍሬን ስበላ ቆይቼ የለሚን ልጀምር ምንም አልቀረኝም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ጨዋዎቹም ተሰበሰቡ። ያን ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ እየተመለከታቸው ስለሆነ ትሕትናቸው ጣሪያ ነካ። አቶ ልዑልሰገድ ጫማቸውን ሊያወልቁ ምንም አልቀራቸው። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ በሞላው እየተንገጫገጨ ተወዛወዘ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ጎረፈ፤ ሰሃኑ አለቀ። ለሚ እጄን ያዘኝ። ከርነሉ የለም አለ። የበሩ ፕሮግራም እሺ አለና ቁጥሩን መጨመር ጀመረ። እንደገና የለም ተባለ፣ እንደገና እሺ አለ። መዝጋቢው ቀስ እያለ ሰሃን ይመልሳል። እኔ ደግሞ የለም የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር እልል ማለት አማረኝ።

ያኔ አዳዳ ቅርጫቷን በወገቧ ደግፋ መጣች። እንደ ባለፈው ሳምንት ኦቦ ጀቤሳና አቶ ልዑልሰገድ በሩን ይዘውታል፤ እንደ ባለፈው ሳምንት ከኋላቸው ቆመች። ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ለሚ ቆይ አለኝ። በሩ ብዙ ተከፍቶ ስለነበር ክፍሉ ሞቋል፤ ሳጥኑ ይህን ለክቶ ኮምፕረሰሩን አዘዘው። ከግድግዳው ኋላ እሙም አለና ተነሣ። ጥላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሰማው። ዘበኛው ብርድ ልብሱን አጠፈና ብብቱ ሥር ከተተው።

ኦቦ ጀቤሳ በሩን እንደያዙ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ዞር ሲሉ አዳዳን አዩዋት፤ ቅርጫቱን አዩ፣ ላቧን አዩ። ከዚያ በፊት እዚያ ቆማ እንደምትጠብቅ ያስተዋሉ አይመስለኝም። አቶ ልዑልሰገድን በክንዳቸው ወደ ጎን አደረጉና በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ያዙት።

«ሊቀመንበር፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ።

ወጉን እናውቀዋለን፤ አሁን አዳዳ ኧረ በፍጹም፣ አባቶቼ እያላችሁ ማለት አለባት፣ እሳቸው በሞቴ ማለት አለባቸው፣ በሩም እንደገና መዘጋት አለበት። አቶ ልዑልሰገድ ልመናውን ሊያግዙ እጃቸውን ዘርግተዋል። ለሚ ስክሪኑን ያያል።

አዳዳ «እሺ» አለች። ቅርጫቷን አስተካክላ በሁለቱ መሃል አለፈችና ገባች።

ስክሪኑ ላይ በሩ ተከፈተ የሚል አንድ መስመር ወጣ፤ ቀጥሎ በሩ ተዘጋ የሚል።